የበርናባስ ገመድ

ጋሽ ኦይታን አላውቃቸውም የሚል ሰው ገረሴ ገበያ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው፤ ወጥቶም ከሆነ ጆሮ የለውም። ሰውየው ቁመታቸው እንደነገሩ ነው፣ ድምፃቸው ግን ለሦስት ሰው ይበቃል። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ተቀምጠው አሥራ አንድ ዓመት ሸማ ሠርተዋል። «የስንቱን ሹም ትከሻ ያለበስኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» ይላሉ፣ ያውም ማንም ሳይጠይቃቸው። ኋላ ከተማው ሲሰለቻቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው እንሰታቸውን ተከሉ፣ በለጥሽን አገቡ፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ሴቶቹ ካምባ ተድረው እዚያው ወልደው ከብደዋል።

በጎልማሳነታቸው ደግሞ አገሩ ሃላቃ አድርጎ ሾማቸው። እንግዲህ የጋሞ ሃላቃነት ሮጠው የሚይዙት ወንበር እንዳይመስላችሁ! አገሩ አንድን ሰው ለዓመታት በዓይኑ ሲከተለው፣ አንደበቱንና ምግባሩን ሲመዝነው ይቆይና «አንተ ትሆነናለህ» ይለዋል። የተመረጠው ሰው ጎተራውን አራግፎ ሕዝቡን ያበላል፤ አናቱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት ገበያውን ይዞራል፤ ከዚያ ወዲያ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሲጠሩት የሚመጣ የሰው ሁሉ አገልጋይ ነው። ጋሽ ኦይታ ያኔ ያራገፉት ጎተራ ተመልሶ እስኪሞላ አራት ዓመት ፈጀ። ይህንንም በኩራት ነው የሚያወሩት።

ሌላም የአገሩ ደንብ አለ፤ እሱን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። መንገድ ሲጠረግ፣ ድልድይ ሲሠራ፣ የትምህርት ቤት አጥር ሲታጠር ሰው ጠዋት ዱቡሻ ላይ ይሰበሰባል። ዱቡሻ አገሩ የሚመክርበት፣ የሚሟገትበትና የሚታረቅበት ሜዳ ነው። እዚያ የእያንዳንዱ ጎልማሳ ስም ይጠራል። ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራውም፣ ላንቴ ወርዶ ሙዝ የሚተክለውም፣ የትም ይሁን የት ይጠራል። እሱ ባይኖር የቤቱ ሰው ይመልስለታል፤ ድርሻውንም ይሠራለታል። ስሙ የማይጠራ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ በድሎ አልታረቅም ያለ። እሱን እሳት የሚያውሰው የለም፤ ሲሞትም ቀባሪ ይቸግረዋል።

የጋሽ ኦይታ ወንድ ልጅ በርናባስ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ለትምህርት ኖርዌይ ሄደ። ትምህርቱን ጨርሶ ነርስ ሆነ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ አገሩ ጦርነት ላይ ነበርና መመለስ ፈርቶ ጥገኝነት ጠየቀ። ፓስፖርቱም ጊዜው አለፈበት፣ የሚያድስለት አጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ነጎደ። እናቱ በለጥሽ በሰማንያ ስድስት ስትሞት እንኳ መምጣት አልቻለም። የመርዶው ደብዳቤ ራሱ የደረሰው አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጋሽ ኦይታ ሁለት ሰው ሆነው ሠሩ። «ኦይታ!» ሲባል «አለሁ» ይላሉ፤ «በርናባስ!» ሲባል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አለ!» ይላሉ። የራሳቸውን ድርሻ ከጨረሱ በኋላ ዶማቸውን አንስተው የልጃቸውን ይጀምራሉ። እንግዳ ሲመጣም እየዞሩ ያሳያሉ፦ «ይቺ የድንጋይ ካብ የኔ ናት። ያቺ ቀጥ ብላ የቆመችው የበርናባስ ናት። ልጄ ሥራ ያውቃል!» ካቡን ሁለቱንም የካቡት እሳቸው መሆናቸውን አገር ያውቃል፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል? እውነቱን ለመናገር የበርናባስ ካብ ሁልጊዜም ይበልጥ ነበር።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ለገረሴ የቧንቧ ውሃ ሊገባ ሆነ። ቧንቧውን አንድ ምግባረ ሠናይ ድርጅት ሰጠ፤ ከተራራው ምንጭ እስከ ከተማው የሚወርደውን ቦይ ሕዝቡ ሊቆፍር ተስማማ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገመድ፣ ማለትም አሥር ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ ወገብ። የስም መዝገቡን የያዘው አለምሰገድ የሚባል ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ሥራው አምጥቶት ከሚስቱ ጋር ገረሴ ተቀምጧል። ቀና ሰው ነው። ብቻ እስክሪብቶው ከጆሮው፣ መመሪያው ከአፉ አይለይም። የሌሉ ሰዎች እንዲቆጠሩ የሚለውን የአገሩን ደንብ ግን ወዶት ተቀበለው፤ የጋሽ ኦይታን ገመድ ለካ፣ ከጎኑ የበርናባስን ለካ፣ ከዚያ ቀጥሎ የአስናቀን ለካ።

አስናቀ የጋሽ ኦይታ የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ። ጭምት ነው፣ አሥር ቃል ሲነገረው አንድ ይመልሳል። ማሳው ከጋሽ ኦይታ ማሳ ጋር ይዋሰናል። በርናባስ በዚያው ከቀረ የጋሽ ኦይታ ይዞታ ለማን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ጠንቋይ መጠየቅ አያሻም። ጠላ ቤት የተቀመጡ ሁሉ «አስናቀ፣ ድንበሩን መቼ ታነሳዋለህ?» እያሉ ይተርቡታል። እሱ ፈገግ ብሎ ዝም ነው።

ጥር ላይ ከኖርዌይ ደብዳቤ መጣ። ጋሽ ኦይታ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ማንበብ ይችላሉ፣ ሆኖም አንዱን ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ለሌላ ሰው ደግሞ የልጃቸውን ደብዳቤ አያስነኩም። በሩ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፦ «አባዬ፣ እንኳን ደስ አለህ። የኖርዌይ ሰዎች ለብዙ ዓመት ጠባዬንና ሥራዬን መርምረው ዜግነት ሰጡኝ። አሁን ከእነሱ እንደ አንዱ ነኝ።»

ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ብድግ አሉ። «ለብዙ ዓመት ጠባዬን መርምረው!» እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትረዱ ነበር? ጋሽ ኦይታ አንድ ሕዝብ አንድን ሰው ለዓመታት መርምሮ የሚቀበልበት ነገር በሕይወታቸው አንድ ብቻ ያውቃሉ። «ልጄን ሃላቃ አደረጉት! ነጮቹ ልጄን ሃላቃ አደረጉት!» ብለው ጮኹ። ጎረቤት የሞተ ሰው መስሎት እየሮጠ መጣ።

ከዚያማ ማን ይያዛቸው! ሃላቃ የሆነ ሰው ሕዝቡን ማብላት አለበት፤ በርናባስ ሩቅ ከሆነ አባቱ ያበላለታል። አንድ ሰንጋና ሁለት በግ ጣሉ፤ ቦርዴ በገንቦ በገንቦ ተጠመቀ። በገበያው ቀን አናታቸው ላይ ቅቤ አስደርገው፣ የልጃቸውን ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ ይዘው ገበያውን ዞሩ። ቅቤው በፀሐዩ እየቀለጠ በግንባራቸው ይወርዳል፤ እሳቸው እቴ! ጠርገውትም አያውቁ። ሽማግሌው ይስቃል፣ ሴቱ እልል ይላል። «ጋሽ ኦይታ፣ ኖርዌይ ላይ ለተሾመ ገረሴ ላይ ቅቤ?» ብሎ የቀለደ ነበር። «ቅናት አይያዝህ፤ ያንተም ልጅ ይደርሰዋል!» ብለው አፉን ዘጉት። የዚያን ቀን በገረሴ ገበያ ከእሳቸው የበለጠ የኮራ አባት አልነበረም።

አለምሰገድም ድግሱ ላይ ተጠርቶ ነበር። ጋሽ ኦይታ በቅቤ እጃቸው ደብዳቤውን አውጥተው «እስቲ አንተ የተማርከው አንብበው» አሉት። አነበበ። ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ፣ ከዚያ ግን «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ሥጋውን በላ። በሰው ድግስ መሃል ምን ይበል? ሳሩን አይተው ገደሉን ያላዩት ጋሽ ኦይታ ጎንበስ ብለው ጉንጩን ሳሙት።

በሦስተኛው ቀን ሰው ለቁፋሮ ዱቡሻ ላይ ተሰበሰበ። አለምሰገድ መዝገቡን ገልጦ ይጠራ ጀመር። «ኦይታ!»

«አለሁ!»

«አስናቀ!»

አስናቀ ራሱ ግራ ገብቶት ወደ አጎቱ ዞረ።

«ዘለልክ» አሉ ጋሽ ኦይታ።

«አልዘለልኩም፣ አባባ።» አለምሰገድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በርናባስ የሌላ አገር ዜጋ ሆኗል። የኛ ሕግ ደግሞ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ ያኛውን ሲይዝ ይሄኛው ቀረ ማለት ነው። የጉልበት መዋጮ መመሪያው ኢትዮጵያውያንን ነው የሚለው። ለእርስዎም እኮ ዕረፍት ነው፤ በስድሳ ዓመትዎ የሁለት ሰው ቦይ መቆፈር…»

«ዕረፍት! እኔ ዕረፍት ለምኜሃለሁ?» ድምፃቸው ተራራው ላይ ገጭቶ ተመለሰ። «ልጄ ማንን ገደለ? ከማን ጋር አልታረቅም አለ? ለምን ከጥሪ ወጣ? ደግሞስ ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ነዎታ የነገሩኝ! ድግሱ ላይ ደብዳቤውን ሰጥተውኝ…»

ጋሽ ኦይታ ግን አልሰሙትም። ሰው በገዛ ሞኝነቱ ሲናደድ የሚወቅሰው ጎረቤት አያጣም። ዞር ብለው አስናቀን በጣታቸው ወጉት፦ «ያንተ ሥራ ነው! መሬቱን ስትጎመጅ ከርመህ አሁን ለልጄ ጉድጓድ ማስክለት!»

«ጋሼ፣ እኔ አፌን አልከፈትኩም» አለ አስናቀ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ገመዱ ወረደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ጉድ ሆነ። ከተራራው የመጣው ቦይ ሁሉም በየገመዱ ቆፍሮት፣ ወርዶ ወርዶ የጋሽ ኦይታን አልፎ ቆመ። አሥር ሜትር ያልተነካ ሣር። ከዚያ ወዲያ የአስናቀ ገመድ ይጀምርና እስከ ከተማው ይቀጥላል። አለምሰገድ «የተረፈችውን በጋራ እንቆፍራታለን» ቢል ጋሽ ኦይታ ምርኩዛቸውን ይዘው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። «ይቺ የልጄ ናት። በሌላ ሰው ስም ዶማ አያርፍባትም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይቆፍሯት።»

«በማን ስም? ስሙ ያልተጠራ ሰው ድርሻ የለውም ብለሃል። ድርሻ የሌለውን ሰው ቦይ እንደ ሌባ ልቆፍርለት? ስሙን መልስና ዛሬውኑ እጨርሳታለሁ።»

«አልችልም፣ አባባ። መመሪያ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የትኛው ሞኝ፣ የትኛው ወረቀት እንደሆነ ግን የዚያን ሰሞን ገረሴ ላይ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ቧንቧው ሜዳ ላይ ተከምሯል። የበልግ ዝናብ ከጀመረ ቦዩ ይደረመሳል። ሴቶች በእንስራ ውሃ ተሸክመው ባጠገባቸው ሲያልፉ ጋሽ ኦይታን በዓይናቸው ይገርፏቸዋል። አንዷማ ቆም ብላ «ጋሼ፣ የኔ ወገብ ይሰበር፣ የበርናባስ ስም ግን አይሰበር፤ እንዲህ ነው አይደል?» አለቻቸው። ያቺ ቃል ቆረጠቻቸው። ለበለጥሽ ወገብ ያዝኑ የነበሩ ሰው ናቸው።

በማግስቱ ሙሉ ሸማቸውን ለብሰው፣ ገብስ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አርባ ምንጭ ወረዱ። ከሲቀላ መናኸሪያ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሸቻ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው የዞኑ መሥሪያ ቤት ገቡ። «ስለ ዜግነት የሚያውቅ ሰው አገናኙኝ» ሲሉ አይዳ የምትባል በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣች የሕግ ባለሙያ ቢሮ አስገቧቸው። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ከዳር እስከ ዳር አዳመጠቻቸው። ገበያውን በቅቤ የዞሩበት ላይ ሲደርሱ ሳቋን ለመዋጥ መስኮት መስኮቱን ስታይ ነበር።

«አባባ፣ የሰሙት እውነት ነው» አለች ኋላ። «በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት የወጣ ሕግ አለ። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን ያጣል።»

«ሃያ ሁለት? በሰባት ዓመት ይበልጠኛል እኮ!»

«ይበልጥዎታል።»

«ታላቅ ከሆነ እንግዲህ ይከበራል» አሉ ጋሽ ኦይታ በረዥሙ ተንፍሰው። «እና ልጄ… እንደ ሞተ ሊቆጠር ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ይኸው ሕግ ራሱ፣ ተመልሶ አገሩ ገብቶ ቢኖርና ቢያመለክት እንደገና ይቀበሉታል ይላል። በሩ አልተከረቸመም። ደግሞ ሕጉ የሚናገረው ስለ ፓስፖርት፣ ስለ መምረጥና መመረጥ፣ ስለ መሬትና ስለ መሳሰለው ነው። አባት ለልጁ ቦይ እንዳይቆፍር የሚል አንቀጽ ግን እኔ ተምሬ አላውቅም።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። «ለመሆኑ በርናባስን ራሱን ጠይቀውታል?»

አልጠየቁትም። ይህን ሁሉ ቀን ሲቆጡ ልጁን መጠየቅ ትዝ አላላቸውም ነበር።

ቴሌ ሄደው በደብዳቤው ግርጌ ያለውን ቁጥር ሰጡ። ሁለት ሰዓት ያህል አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። «ኖርዌይ! ሁለት ቁጥር ይግቡ!» ሲባሉ የስልኳ ሳጥን ውስጥ ገብተው እጀታውን ጨብጠው ያዙ፣ እንደ ልማዳቸውም ጮኹ። ውጭ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሰማ።

«በርናባስ! ኢትዮጵያዊነትህን ጣልክ ይሉኛል! እውነት ነው?»

ከወዲያ በርናባስ «እውነት ነው፣ አባዬ» አለ። «አንዱን ለመያዝ አንዱን መተው ግድ ነበር። ደብዳቤው ላይ ልጽፈው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለምን ልጄ? ምን ጎደለህ?»

«ወረቀት ነዋ የጎደለኝ። እማዬ ስትሞት የምሻገርበት ወረቀት አልነበረኝም። እዚህ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ነው ያለቀስኩት። ለእሷ አልደረስኩም፤ ለአንተ ግን መድረስ አለብኝ ብዬ ነው። በዚህኛው ፓስፖርት ቪዛ አስመትቼ መምጣት እችላለሁ። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ እመጣለሁ።»

የጋሽ ኦይታ እንባ በጢማቸው ላይ ወረደ፤ ደስታ ይሁን ሐዘን ለራሳቸውም አልለየላቸውም። ልጁ አገሩን የተወው ወደ አገሩ መምጫ ፍለጋ ነው! እንዲህ ያለ ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል?

«አባዬ፣ አለህ? አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ በርናባስ። ድምፁ ፈራ ተባ ይል ነበር። «ዱቡሻ ላይ… አሁንም ስሜ ይጠራል?»

«ይጠራል!» አሉ ጋሽ ኦይታ። «ይጠራል እንጂ! ምን ነካህ!»

መስመሩ ተቋረጠ። ሃላቃ የነበረ ሰው፣ አፉ ውሸት የማያውቅ ሰው፣ በስድሳ ዓመቱ ለገዛ ልጁ ዋሸ። ወደ ገረሴ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ከሾፌሩ ጋር አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሾፌሩ ታመው መስሎት ሁለቴ ውሃ ገዛላቸው።

መጋቢት በገባ በሦስተኛው ቀን ዱቡሻው ተጠራ። አገሩ ሁሉ መጣ፤ አለምሰገድም መዝገቡን ብብቱ ሥር አድርጎ ዳር ላይ ተቀመጠ። ሸንጎውን የመሩት የጊዜው ሃላቃ፣ ሃላቃ ሊሻን ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ነገር አዋቂ። ጋሽ ኦይታ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መሃል ገቡ። ሣር ይዞ መግባት ሊማልድ፣ ሊለማመጥ የመጣ ሰው ምልክት ነው። ጋሽ ኦይታ ሲለማመጡ ያየ ሰው አልነበረምና ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ልጄ ሃላቃ የሆነ መስሎኝ ደገስኩ። ለካ የደገስኩት ልጄን ለሸኘው ወረቀት ነው። ይህን ልጅ፣ አለምሰገድን፣ ሰደብኩት፤ ነገሩን የነገርኩት ግን ራሴ ነኝ። አስናቀንም በሐሰት ወነጀልኩት። ሁለታችሁም ይቅር በሉኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሕጉን ጠይቄያለሁ፤ እውነት ነው፣ ልጄ የኖርዌይ ዜጋ ነው። መንግሥት በመዝገቡ የውጭ ሰው ብሎ ይጻፈው፤ ከሕግ ጋር አልታገልም። የወሰደውም እኔን አፈር ሊያለብስ መምጣት እንዲችል ነው። ግን ልጄ ‘ስሜ ይጠራል?’ ሲለኝ ‘ይጠራል’ ብዬዋለሁ። ዋሽቻለሁ። ወይ ውሸቴን እውነት አድርጉልኝ፣ ወይ ዛሬውኑ አርባ ምንጭ ወርጄ እውነቱን ልንገረው። ውሃውን ግን ከእንግዲህ አላስቀርም፤ የፈረዳችሁትን ፍረዱ፣ ቦይዋ ትቆፈር።»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። አለምሰገድ ብድግ ብሎ «እኔ በመንግሥት መዝገብ ማዘዝ አልችልም» አለ፤ «ነገር ግን የቁፋሮው ዝርዝር የአገሩ ነው። አገሩ ጻፍ ካለኝ እጽፋለሁ።» ይህን ማለት ለእሱ ቀላል አልነበረም።

ሃላቃ ሊሻን ግን ወዲያው አልፈረዱም። «ኦይታ፣ አንተም ሃላቃ ነበርክ፤ ደንቡን ታውቃለህ። የሌለ ሰው የሚቆጠረው የሚመልስለት እስካለ ድረስ ነው። ዛሬ አንተ አለህ። በርናባስ ቢመጣ ለሁለት ሳምንት መጥቶ ይመለሳል፤ ኑሮው እዚያ ነው። ሴቶች ልጆችህ ካምባ ናቸው። ነገ አንተ የሌለህ ቀን ‘በርናባስ!’ ተብሎ ሲጠራ ማን ይመልሳል? መላሽ የሌለው ስም እየጠራን ዝምታ ከምንሰማ ዛሬውኑ ብንተወው አይሻልም?»

ጋሽ ኦይታ በዘመናቸው መልስ አጥተው አያውቁም፤ ያን ቀን አጡ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ።

«እኔ እመልሳለሁ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

አስናቀ ነው። ሰዉ ዞሮ አየው፤ ከሰው ሁሉ እሱ! በርናባስ ከጥሪ ቢወጣ የሚጠቀም አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ብዙ መናገር የማይወደው አስናቀ መሬት መሬቱን እያየ ቀጠለ።

«አባቴ ሲሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናንተ ረስታችሁት ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁም። የአባቴ ስም ሲጠራ ‘ልጁ አለ!’ ብለው የመለሱት ጋሼ ናቸው። ለጉርምስና እስክደርስ ድርሻዬን ቆፈሩልኝ። ያኔ ለኔ ባይመልሱ ኖሮ ዛሬ እኔ እዚህ ሜዳ ላይ የምቆምበት ቦታ አይኖረኝም ነበር። ከጋሼ በኋላ በርናባስ ሲጠራ እኔ ‘አለ’ እላለሁ፤ ገመዱንም እቆፍራለሁ። ከኔ በኋላ ልጆቼ ይላሉ። በመሬቱ ለምትጠረጥሩኝ ደግሞ፣ ድንበሩ ላይ ነገ ሽማግሌ ባለበት ድንጋይ እንትከል።»

ተቀመጠ። ሃላቃ ሊሻን ሕዝቡን ዞር ብለው አዩ፤ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ «ይሁን!» አሉ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ «ይሁን!» አለ። ጋሽ ኦይታ ወደ አስናቀ ሄደው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በእጃቸው የነበረውን ሣር ጉልበቱ ላይ አደረጉና አንገቱን አቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሊናገሩ ሲሞክሩ ለሦስት ሰው የሚበቃው ድምፅ ለአንድ እንኳ አልበቃም። ሴቶቹ ከዳር ሆነው እልልታውን አቀለጡት።

አለምሰገድ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ገልጦ እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ። «በርናባስ… ተወካይ አስናቀ። ዝምድናችሁን ምን ብዬ ልጻፍ? የአጎት ልጅ?»

ጋሽ ኦይታ ዓይናቸውን በሸማቸው ጠርገው ቀና አሉ። «ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጄ ሁለት አገር እንዳይኖረው ሕግ ይከለክላል ብለኸኛል፤ አምኜ ተቀበልኩ። እኔ ሁለት ወንድ ልጅ እንዳይኖረኝ የሚከለክል ሕግ አለ?»

አለምሰገድ ፈገግ አለ። «የለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ወንድሙ ብለህ ጻፍ።»